ሊኑክስ ቫይረስ አይነካውም ያለው ማነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ወደዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ መልኩን ቀይሯል። ድሮ «ዊንዶውሴን እንዴት አክቲቬት ላድርግ» ነበር። አሁን «ሊኑክስ ጫንኩ፣ ከእንግዲህ ምን ልፍራ» ሆኗል። ሊኑክስ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው፣ ሚንትና ኡቡንቱ ዓይነቶቹ ናቸው። ቅሬታ የለኝም፣ የኋለኛው ይሻላል። ዛሬ ስለ ሊኑክስና ስለ ማልዌር፣ ማለትም ለጉዳት ስለተሠራ ሶፍትዌር፣ ከመጡት ውስጥ ስድስቱን መርጫለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ነው የምኖረው፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አልቀበል አለ። ሠሪው ሊኑክስ ሚንት ጫነልኝና «ቫይረስ የሚባል ነገር እርሺው፣ ሊኑክስ ቫይረስ አይገባውም» አለኝ። ባለቤቴ ግን አላመነም፣ አንቲቫይረስ ግዢ ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

የሠሪውን እንይ። እኛ አገር ቫይረስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የፍላሹን ነው፤ ከኮፒ ቤት ይዘነው የምንመጣው፣ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው። ያ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ ሲሰኩት ፋይሉ ይታያል እንጂ አይነሳም። እንዲያውም ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች ሊኑክስ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ፋይል የጠፋበትን ደንበኛ በዚህ መንገድ የሚታደግ ሠሪ ሞልቷል። ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራምም የማስኬድ ፈቃድ ካልሰጡት በስተቀር ዝም ብሎ አይነሳም፣ ሲስተሙን የሚነካ ነገር ሲሆን ደግሞ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ፕሮግራም የሚጭኑት ከየድረ ገጹ እየለቀሙ ሳይሆን ከሚንት ሶፍትዌር ማኔጀር ነው፣ ከሚንትና ከኡቡንቱ ማከማቻ የሚመጣው ጥቅል ደግሞ በዲጂታል ፊርማ የተረጋገጠ ነው። ክራክ የለም፣ አክቲቬተር የለም። እኔን ከጠየቁኝ በአገራችን ኮምፒውተር በማበላሸት አክቲቬተሩን የሚያህል የለም። «ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል መመሪያ ይዞ የሚመጣ ሶፍትዌር ምን ሊሠራ እንዳሰበ አስቀድሞ ነግሮናል።

አሁን የባለቤትዎ ተራ ነው። ለሊኑክስ የተጻፈ ቫይረስ ከ1996 ጀምሮ አለ። የመጀመሪያው ስታኦግ ይባል ነበር፣ በዓመቱ ብሊስ መጣ። ሁለቱም ብዙም ሳይስፋፉ ቀሩ። ዛሬ ግን ለሊኑክስ የሚጻፈው ማልዌር ብዙ ነው። የሚፈልገው በዋናነት ሰርቨር ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ድረ ገጽ የሚቀመጠው ሊኑክስ ላይ ነው፣ ገንዘቡም ያለው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ግን ለሒሳብ ሠራተኛ ጠበቅ አድርጌ ልንገር። «ሩት ካልሆነ ምንም ማድረግ አይችልም» ሲባል ይሰማሉ። ሩት ማለት በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ነው። የእርስዎ ኤክሴል ግን የት ነው ያለው? የደንበኛ ሰነዱ፣ ብራውዘሩ የያዘልዎት ፓስዎርድስ? ሁሉም ያለው በእርስዎ ሆም ፎልደር ውስጥ ነው። በእርስዎ ስም የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም እነዚህን አንብቦ ለሌላ ለመላክ ሩት መሆን አያስፈልገውም። ሲስተሙ ሰላም ሆኖ እርስዎ ባዶ እጅዎን ሊቀሩ ይችላሉ ማለት ነው። የውሸት የባንክ ገጽ ደግሞ ሊኑክስ ሆነ ዊንዶውስ ግድ የለውም፣ ፓስዎርዱን የሚያስገቡለት እርስዎ ነዎት።

ሠሪውን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ሚንቱን ያወረደው ከየት ነው? በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃውን ሊንክ ቀየሩት። በዚያን ቀን ከዚያ ገጽ ሚንት 17.3 ሲናሞንን ያወረደ ሰው ሱናሚ የሚባል ማልዌር የተቀበረበት ቅጂ ነው የደረሰው። የሚንት ሰዎች በፍጥነት ደርሰውበት ገጹን ዘጉ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው፣ ያወረዱትን ፋይል ገጹ ላይ ከተጻፈው የማረጋገጫ ቁጥርና ፊርማ ጋር ማመሳከር ነው። ሠሪዎ ይህን ካደረገ ጎበዝ ነው። «ከጓደኛዬ ፍላሽ ቀዳሁት» ካለዎት እንደ አዲስ ቢጭንልዎ ይሻላል።

አንቲቫይረሱን አይግዙ። ክላምኤቪ የሚባል በነፃ ይገኛል፣ የሚጠቅምዎትም ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ፋይል ከመላክዎ በፊት ለማጣራት ነው። በገንዘቡ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይግዙበት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ኡቡንቱ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስፈልግ አንድ የቴሌግራም ቻናል «ይህን መስመር ኮፒ አድርገህ ተርሚናል ላይ ለጥፍ» ይላል። ለጠፍኩት፣ ፓስዎርድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ኪቦርዱ ሠርቷል! ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ሳልሠራበት ፋኑ ይጮሃል። መስመሩን አያይዣለሁ። ግንኙነት አለው ወይስ በከንቱ ነው የምፈራው?

መልስ፦ በከንቱ አይደለም። የላክኸውን መስመር አየሁት፣ ሦስት ቁራጭ ነው። መጀመሪያ ከርል የሚባለው ትእዛዝ አንድ አጭር ሊንክ ላይ ያለውን ነገር ያወርዳል። መሐል ላይ ያለችው ቁም መስመር፣ ፓይፕ የምንላት፣ የወረደውን ለቀጣዩ ታቀብላለች። መጨረሻ ላይ «ሱዶ ባሽ» አለ፣ ትርጉሙ የመጣልህን ሁሉ በሩት ሥልጣን አስኪደው ነው። ልብ በል፣ በዚህ ሁሉ መሐል ስክሪፕቱ ዲስክህ ላይ አርፎ ከፍተህ የምታነብበት ጊዜ የለም። ሊንኩ ትናንት አንድ ነገር፣ ዛሬ ሌላ ነገር ሊሰጥ ይችላል። የቻናሉ ባለቤት ቅን ሰው ቢሆን እንኳ የዚያ አጭር ሊንክ መዳረሻ በእሱ እጅ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ታዋቂ ፕሮጀክቶች ራሳቸው ድረ ገጻቸው ላይ እንዲህ ያለ መስመር ስለሚያስቀምጡ ሁላችንም ለምደነዋል፣ እኔን ግን ሁልጊዜ ያናድደኛል። አሁን ደግሞ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ ይህን ለጥፍ» የሚሉ የውሸት ገጾች መጥተዋል። እንዲህ የሚል እውነተኛ ገጽ የለም፣ ዝጋው።

ለማየት ያህል «ቶፕ» ብለህ ሲፒዩውን ማን እንደሚበላው እይ። ክሮንታብህን፣ ማለትም በተወሰነ ሰዓት ራሳቸው የሚነሱ ሥራዎችን ዝርዝር፣ እይ፣ የአንተንም የሩትንም። ሆም ፎልደርህ ውስጥ ያለው ባሽአርሲ ፋይል ግርጌ አንተ ያልጻፍከው መስመር ካለ ተመልከት። ግን ይህን ሁሉ አጽድተህ ብትጨርስም ልቤ አያምነውም። ስክሪፕቱ ሩት ሆኖ ሠርቷልና ራሱ ቶፕ ሊዋሽህ ይችላል። ሰነድህን ብቻ ኮፒ አድርገህ ኡቡንቱን እንደ አዲስ ጫን። ፓስዎርዶችህን ከሌላ ኮምፒውተር ወይም ከስልክህ ቀይር። ተማሪ ስለሆንክ ጊትሀብ ላይ ያስገባኸው የኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያ) ቁልፍና ቶክን ይኖራል፣ እሱንም ሰርዘህ አዲስ አውጣ። ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

አማርኛው ደግሞ ኡቡንቱ ውስጥ አለልህ እኮ! አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ከማከማቻው ጫን፣ ወጥተህ ግባ፣ ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ ጋ ሂደህ ኢንፑት ሶርስ ላይ አማርኛ ሴራን ጨምር። ድምፁን በላቲን ስትመታ ፊደሉን ይሰጥሃል። ኪማን የለመድክ ከሆነም ከዚያው ማከማቻ ታገኘዋለህ።

ማከማቻ ስልህ ግን ሁሉም ማከማቻ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2018 የኡቡንቱ መተግበሪያ ማከማቻ በሆነው ስናፕ ስቶር ላይ የወጣ አንድ ጨዋታ ውስጡ ክሪፕቶ ማይነር፣ በሰው ኮምፒውተር ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም፣ ተገኘበት። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ እዚያው ስቶር ላይ ኤክሶደስ የሚባለውን ዋሌት መስሎ የተሠራ መተግበሪያ ከአንድ ሰው 9 ቢትኮይን ወሰደ፣ ያኔ ወደ 490 ሺህ ዶላር ግድም ነበር። «እኔ አርች ነው የምጠቀመው» እያሉ የሚኩራሩ ጓደኞች ካሉህ ንገራቸው፦ የአርች ተጠቃሚዎች ራሳቸው ጥቅል በሚያስቀምጡበት ኤዩአር ላይ በጁላይ 2025 ሦስት የብራውዘር «ጥገና» መስለው የገቡ ጥቅሎች ኬኦስ ራት የሚባል ማልዌር ይጭኑ ነበር። ኬኦስ ራት ኮምፒውተሩን ከሩቅ ያዝዛል። በሁለት ቀን ውስጥ ተነሡ፣ ግን በሁለት ቀን ውስጥ የጫነም አለ። ኤዩአር ላይ የሚወጣውን ማንም አስቀድሞ አይመረምረውም፣ ይህንንም ራሳቸው ጽፈውታል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀር የተባለው የፋይል ማውረጃ ፕሮግራም ነገር ነው። የአንቲቫይረስ ኩባንያው ካስፐርስኪ በሴፕቴምበር 2023 እንዳስታወቀው ከ2020 እስከ 2022 ድረስ የፕሮግራሙን የራሱን ድረ ገጽ ከጎበኙ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ውስጥ ጥቂቶቹ ወደ ሌላ ድረ ገጽ እየተላኩ የተበከለ የደቢያን ጥቅል ያወርዱ ነበር። ሁሉም ሰው ላይ ስለማይደርስ ለመያዝ አስቸገረ። ማልዌሩ ክሮን ውስጥ ገብቶ በየ10 ደቂቃው ይነሳል። የብራውዘር ታሪክ፣ የተቀመጠ ፓስዎርድ፣ የክሪፕቶ ዋሌት ፋይል፣ የክላውድ መግቢያ መረጃ ይለቅማል። አንዳንዶቹ ተጠቂዎች ኮምፒውተራቸው ላይ የማያውቁት ፋይል እንዳለ አይተው ኢንተርኔት ላይ ጠይቀው ነበር፣ ማንም ግን ማልዌር ነው ብሎ አልጠረጠረም። ለምን? ሊኑክስ ነዋ!

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ አነስተኛ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ ነኝ። ውጭ አገር የተከራየነው የኡቡንቱ ሰርቨር ሲፒዩ 100 ከመቶ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል። ቶፕ ላይ ሳይ የከርነል የሚመስል ስም አለ፣ ኬዴቭቴምፕኤፍኤስአይ ይላል። ስገድለው ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የከርነል ሥራ ከሆነ ልንካው አልደፍርም ብዬ ተውኩት። ዶከርና ሬዲስ ነው ያለበት፣ ዩኤፍደብሊው ፋየርዎልም በርቷል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሥራ አይደለም። እውነተኛው ኬዴቭቴምፕኤፍኤስ ነው፣ በቃ፣ መጨረሻው ላይ «አይ» የለውም። እርስዎ ጋ ያለው አንዲት ፊደል የተጨመረችበት ቅጂ ነው። ሌላም መለያ አለ፦ የከርነል ሂደቶች በፒኤስ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ነው የሚታየው፣ ከዲስክ የተነሳ ፋይልም የላቸውም። የእርስዎን ቢፈልጉት ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያገኙታል። ይህ ኪንሲንግ በሚባለው ማልዌር የሚመጣ ማይነር ነው። በእናንተ ሰርቨር፣ በእናንተ ኪራይ፣ ሞኔሮ የሚባለውን ክሪፕቶ ለሌላ ሰው ያመርታል።

ሲገድሉት የሚመለሰው ኪንሲንግ የሚባለው ዋናው ፕሮግራም ስለሚጠብቀውና ክሮን ውስጥ በየደቂቃው ስክሪፕቱን እንደገና የሚያወርድ መስመር ስለተቀመጠ ነው። ስክሪፕቱን ካገኙት ያንብቡት፣ ረጅም ነው፣ ግማሹ የሌሎች ማይነሮችን ስም እየጠራ ይገድላል። ቀድሞ የገባ ሌባ ካለ አባርሮ ቤቱን ለብቻው ይይዛል።

የገባበትን መንገድ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል ሳጥን ለይቶ የሚያስኬድ ነው፣ ሬዲስ ደግሞ ዳታቤዝ ነው። የዶከር ኤፒአይ በፖርት 2375 ያለ ምንም ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ማንም ሰው «ይህን ኮንቴነር አስነሳ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። ሬዲስም በ6379 ላይ ያለ ፓስዎርድ ከተተወ እንዲሁ ነው። ኢንተርኔቱን ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ስላሉ ክፍት ፖርት ሳይገኝ ብዙ አይቆይም። «ፋየርዎሌ በርቷል» ብለዋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው፦ ዶከር ፖርት ሲከፍት በቀጥታ አይፒቴብልስ በሚባለው የሊኑክስ የኔትወርክ ማጣሪያ ላይ ስለሚጽፍ የዩኤፍደብሊውን ክልከላ ዘሎት ያልፋል። ዩኤፍደብሊው ሁሉን ዘግቻለሁ ይልዎታል፣ ሬዲሱ ግን ከውጭ ይታያል። ኮንቴነሩን ሲያስነሱ ፖርቱን ከ127.0.0.1 ጋር፣ ማለትም ከሰርቨሩ ከራሱ ጋር፣ ብቻ ያስሩት፣ ወይም ከሰርቨሩ ውጭ ባለው በአከራዩ ፋየርዎል ይዝጉት። ከዚያ ከቤትዎ ሆነው ክፍት ፖርት በሚፈልገው በኤንማፕ ሰርቨሩን ከውጭ ይፈትሹት፣ ከውስጥ ሆኖ የሚያዩት አያሳምንም።

አሁን ምን ያድርጉ? ሰርቨሩን ከኔትወርክ ያውጡት፣ ዳታውን ያውጡ፣ ሰርቨሩን ያፍርሱትና ከባዶ ይሥሩት። እያጸዱ መቆየት አያዋጣም። ሌላ ደግሞ፣ ኪንሲንግ ያገኘውን የኤስኤስኤች ቁልፍና ያንን ቁልፍ ይዘው የሚገቡባቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር ፈልጎ ወደዚያ ይሻገራል። ከዚህ ሰርቨር ወደ ሌላ በቁልፍ የሚገቡ ከነበረ ሌላውንም ዛሬውኑ ያዩት። በአዲሱ ሰርቨር ላይ የኤስኤስኤች የፓስዎርድ መግቢያን ይዝጉና በቁልፍ ብቻ ያድርጉት።

እውነቱን ለመናገር ዕድለኛ ነዎት፣ ማይነር ስለሆነ። በጁን 2017 ናያና የሚባል የደቡብ ኮሪያ የድረ ገጽ አስተናጋጅ ኩባንያ ላይ የደረሰውን ይስሙ። ኤሬበስ የሚባል ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ማልዌር፣ 153 የሊኑክስ ሰርቨሮቹን ቆለፈ። በላያቸው የነበሩት ከ3,400 በላይ የደንበኞች ድረ ገጾች አብረው ቀሩ። ባክአፕ የሚሉትም አብሮ ተቆልፏል፣ ከዚያው ጋር ተገናኝቶ ነበራ። ሌቦቹ መጀመሪያ 550 ቢትኮይን ጠየቁ፣ በድርድር ወደ 397.6 ወረደ፣ ያኔ 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፣ ኩባንያውም በሦስት ጊዜ ከፈለ። የደህንነት ኩባንያው ትሬንድ ማይክሮ ቆይቶ ሲመረምር ድረ ገጹ ይሠራ የነበረው በ2008 በተዘጋጀ ከርነልና በ2006 በወጡ የአፓቺና የፒኤችፒ እትሞች ላይ ነበር። ባክአፕዎ ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ የተያያዘ ከሆነ ባክአፕ አይበሉት። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ኤክስተርናል ዲስክ ግዢ ያልኳትም ለዚህ ነው፣ ኮፒ ካደረጉ በኋላ ነቅሎ ማስቀመጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሱቅ አለኝ። ካሜራ አስገጥሜ በስልኬ አየዋለሁ። ልጄ «አባዬ፣ ካሜራው ውስጥ ሊኑክስ ነው ያለው፣ ሀክ ሊደረግ ይችላል» አለኝ። ካሜራን ማን ምን ሊያደርገው?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፣ ጋሼ። ካሜራው፣ መቅጃው፣ ራውተሩም ጭምር ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽ ሊኑክስ ነው። በ2016 ሚራይ የሚባል ማልዌር በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያሉ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ሰበሰበ። ዘዴው አያስደንቅም፦ 60 ያህል ከፋብሪካ የሚመጡ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርዶችን ይዞ እየዞረ መሞከር ነው። በኦክቶበር 21 ቀን 2016 በእነዚህ ዕቃዎች ብርታት የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻቸው የሚመራውን ዳይን የተባለ ኩባንያ ሲያጥለቀልቁት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። የጻፉት ሦስት አሜሪካውያን ወጣቶች በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ፣ ነገሩ የተጀመረው በማይንክራፍት ጨዋታ ሰርቨሮች ገበያ ነበር አሉ። ሌባው ሱቅዎን ማየት ላይፈልግ ይችላል፣ ካሜራው ሌላውን የሚያጠቃበት መሣሪያ ይሆንለታል።

ካሜራውን የገጠመልዎትን ሰው ይጥሩና «አድሚን» የሚለውን ፓስዎርድ ያስቀይሩት፣ የራውተሩንም። ማልዌሩ ገብቶ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ አጥፍተው ያብሩት። ሚራይ ሚሞሪ ላይ ብቻ ስለሚኖር ዕቃው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ፓስዎርዱ ካልተቀየረ ግን ወዲያው ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው። የምሠራበት ቦታ አለቃዬ «ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ነገር እንዴት ይታመናል፣ ሌባውም ያነበዋል» ይለኛል። ስለ ኤክስዚም የሆነ ነገር ሰምቶ ሁልጊዜ ያነሳብኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ፦ ኤክስዚ ከሰማው በላይ አስፈሪ ነው፣ እሱን አትካደው።

ኤክስዚ ፋይል የሚጨምቅ መሣሪያ ነው። ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ግን ሊኑክስ ባለበት ሁሉ አለ። ለዓመታት ሲያስተዳድረው የኖረው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ሰው ነው፣ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው። በ2021 መጨረሻ ጂያ ታን የሚል ስም ያለው ሰው እርዳታ ይዞ ብቅ አለ። የሚልከው ኮድ ጥሩ ነው፣ አይቸኩልም፣ አይጨቃጨቅም። በ2022 ደግሞ ሌሎች የማይታወቁ ስሞች መጥተው ላሴን «ሥራው ዘገየ፣ ካቃተህ ለሌላ ስጥ» እያሉ ይነዘንዙት ጀመር። ሰውየው የአእምሮ ጤና ችግር ለረጅም ጊዜ እንዳለበትና ይህም ያለ ክፍያ የሚሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን መልሶ ጻፈላቸው። ያንን ስታነብ አንጀትህን ይበላዋል። ቀስ በቀስ ሥልጣኑ ወደ ጂያ ታን ዞረ። በፌብሩዋሪ 2024 በወጣው 5.6.0 እትም ውስጥ ድብቅ መግቢያ ተቀበረ፣ በማርች 5.6.1 ላይ ተሻሻለ።

የቀበሩበት ጥበብ ለአለቃህ ነጥብ መልስ ይሰጣል። አደገኛው ነገር ለሙከራ ብቻ የተቀመጡ በሚመስሉ የተጨመቁ ፋይሎች ውስጥ ተሸጎጠ። እሱን የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት ደግሞ ጊት በሚባለው የኮድ ማኖሪያ ላይ ካለውና ሁሉም ሰው ከሚያነበው ኮድ ውስጥ አልነበረም፣ ለስርጭት ታሽጎ በሚወጣው ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። ማለትም ሌቦቹ ራሳቸው ክፍት የሆነውን ቦታ ሸሽተውታል። ቢሳካላቸው ኖሮ የራሳቸውን ቁልፍ ይዘው በኤስኤስኤች በኩል ወደ ስንቱ ሰርቨር በገቡ!

የያዛቸው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ደህንነት ሥራው አይደለም፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰው ነው። ደቢያን ላይ የፍጥነት ሙከራ ሲያደርግ የኤስኤስኤች መግቢያ ያለ ወትሮው ሲፒዩ ሲበላና ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይ አየ። ሌላው ሰው «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ክር እየሳበ ሄዶ ኤክስዚ ላይ ደረሰ፣ ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አስታወቀ። ያኔ የተበከለው እትም የደረሰው እንደ ደቢያን የሙከራ ቅርንጫፍ፣ ፌዶራ ሮውሃይድ፣ ኦፕንሱሴ ተምብልዊድና ካሊ ባሉት ጋ ነው። ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ወደሚጠቀሙባቸው የረጋ እትሞች ገና አልገባም ነበር። ጂያ ታን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም።

ስለዚህ ለአለቃህ እንዲህ በለው፦ ክፍት መሆኑ ብቻውን አላዳነንም። በ2014 የተገኘው፣ የኢንተርኔት ግንኙነትን በሚመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ የነበረው ሃርትብሊድ የሚባል ስህተትም ሁለት ዓመት ሙሉ በሁሉ ሰው ፊት ቁጭ ብሎ ማንም አላየውም። የሚነበብ ኮድ ሁሉ ተነቧል ማለት አይደለም፣ የሚያነበው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለውም። ግን ፍሮይንድ ያንን ግማሽ ሰከንድ ተከትሎ እስከ ሥሩ መውረድ የቻለው ኮዱ እጁ ላይ ስለነበረ ነው። ዝግ ሶፍትዌር ቢሆን አቤቱታ ጽፎ መልስ ይጠብቅ ነበር። ከዚያም አለቃህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ ድርጅታችሁ በነፃ ከሚጠቀምባቸው ከእነዚህ ፕሮጀክቶች ለአንዱ እንኳ ዶላር ልኮ ያውቃል?

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። ኢንተርኔት የምጠቀመው ፓኬጅ እየገዛሁ ነው። ኡቡንቱ 22.04 በየጊዜው አፕዴት አድርግ ይለኛል፣ የዛሬው 600 ሜጋ ነው። ሳላደርግ ብቀር ምን እሆናለሁ? ሊኑክስ አይደል?

መልስ፦ ወገኔ፣ የፓኬጁ ነገር እኔንም ያቃጥለኛል። ግን ዝም ብለህ አትተወው። በጃንዋሪ 2022 ኳሊስ የተባለው ኩባንያ ፖልኪት በሚባል በሁሉም ዋና ዋና ሊኑክሶች ላይ ተጭኖ በሚመጣ ፕሮግራም ውስጥ ስህተት አገኘ፣ ፑንኪት አሉት። ስህተቱ ከ2009 ጀምሮ እዚያው ነበር። ተራ ተጠቃሚ ሆኖ የገባ ማንኛውም ፕሮግራም በቅጽበት ሩት ይሆናል። ማሻሻያው የወጣው በዚያው ቀን ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነበር። ያላደረገ ሰው ግን ማጥቂያው በማግስቱ ኢንተርኔት ላይ ተበትኖ ሳለ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ።

ዳታ የሚቆጥቡ መንገዶች አሉ። ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ የሚለውን ክፈትና አፕዴትስ በሚለው ገጽ ላይ የደህንነት ማሻሻያ ብቻ የሚለውን ምረጥ፣ ሸክሙ ይቀልልሃል። ሁለተኛ፣ በ22.04 ላይ ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ ነው፣ ስናፕ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር ካለ እያየ ሳይጠይቅህ ያወርዳል። ፓኬጅህ ሳይታወቅህ የሚያልቀው በእሱም ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ግንኙነቱን ሚተርድ (በመጠን የሚከፈልበት) አድርገው፣ ከዚያ «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ ነጥብ ሚተርድ እኩል ይሆናል ሆልድ» የሚለውን ትእዛዝ ስጠው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ማለቴ ነው። ነፃ ዋይፋይ ያገኘህ ቀን ግን ራስህ ሪፍሬሽ ማድረግህን አትርሳ፣ ብራውዘር ከሁሉ ይቀድማል።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው። ጓደኛህ አንድ ዓይነት ኡቡንቱ ካለውና አፕዴቱን ካወረደ፣ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው ፎልደር ውስጥ የወረዱት ጥቅሎች ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ፣ ካላጸዳቸው። በፍላሽ ቅዳቸውና አንተ ጋ እዚያው ፎልደር ውስጥ በሱዶ አስገባቸው። ከዚያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» በል። አፕዴቱ ጥቂት ሜጋ ይበላል፣ የሚያወርደው ፊርማ ያለበትን ዝርዝር ነው። አፕግሬዱ ሲመጣ ፎልደሩ ውስጥ ያገኘው ጥቅል ከዝርዝሩ ጋር ከገጠመ እሱኑ ይጭናል፣ ካልገጠመ ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ግን የተነካካውን ሁሉ ይይዝልኛል ብለህ አትተማመን፣ ከምታምነው ጓደኛ ብቻ ቅዳ። ብቻ ፋይሎቹን ደብል ክሊክ እያደረግህ ወይም በዲፒኬጂ አንድ በአንድ እንዳትጭናቸው። በዚያ መንገድ ይህችም ማመሳከር አትደረግም፣ ፍላሹ ላይ ማን ምን እንዳስቀመጠ ሳታውቅ ትጭነዋለህ።